የማን አፍ ነው?

«ኧረ እዩት! ድዱን እዩት!»

ሙሴ ስልኩን በደብተር ከልሎ ወደ ጓደኞቹ አዘነበለው። ስልክ ትምህርት ቤት ማስገባት ክልክል ስለሆነ የ9ኛ «ለ» ተማሪዎች ግማሾቹ ዙሪያውን ተከምረው፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ በሩ ላይ ዘብ ቆመው ነበር። ሶሊያናም ምን እንደተገኘ ለማየት በሁለት ትከሻዎች መሃል አንገቷን አስገባች።

አፍ ነበር። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላ አፍ። ጓንት ያጠለቀ ጣት የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ስቦ ይዞታል። ድዱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ አብጧል። አንድ ቀጭን ብረት በጥርሱና በድዱ መሃል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ደም ብቅ ይልና በጥርሶቹ መካከል ይወርዳል።

«ዋይ! አስጠላኝ!» አለች አንዷ ዓይኗን በእጇ ሸፍና፣ በጣቶቿ መሃል ግን እያየች።

ሶሊያና አፉን አወቀችው። የራሷ ነው።

ዙሪያዋን የነበሩት ሲስቁ እሷም ሳቀች፤ ግን ከንፈሯን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለና ሙሴ ቪዲዮውን አቆመው። ክፍሉን ማሳቅ ሥራዬ ብሎ የያዘ ልጅ ነው። «ይቺን ጥርስ አያችኋት? አንዷ አንዷ ላይ ወጥታለች። እኛ ክፍል እንዲህ ዓይነት ጥርስ ያላት ማናት?»

አንድ ባንድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስኮቱ ሥር ኢክራም የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየጨረሰች ነበር። ኢክራምና ሶሊያና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። የኢክራም የላይኛው የፊት ጥርስ ተደራራቢ ነው፤ ስትስቅ ሁሉም ያየዋል። ቪዲዮው ላይ ያለው ጥርስ የታችኛው መሆኑን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

«ኢክራም! እስቲ አፍሽን ክፈቺ!»

«ምን?»

«ቲክቶክ ላይ ወጥተሻል! ታዋቂ ሆነሻል እኮ!»

ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀኑባት። ኢክራም መጀመሪያ ግራ ተጋባች። ቪዲዮው እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሶሊያናን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተቻት።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«ካልሆንሽ ክፈቺና እንይዋ!»

«አልከፍትም! የሚሸጥ በሬ ነኝ እንዴ ጥርሴ የሚታየው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ወደ ሶሊያና ዞረ። «ሶሊ፣ አንቺ አይደለሽ አጠገቧ የምትቀመጪው? እሷ ናት አይደል?»

የኢክራም የላይኛው ነው፣ ይሄ የታችኛው ነው ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ይህን ካለች «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይመጣል። ሶሊያና ምላሷን በጥርሶቿ ላይ አሳለፈች። ትንሽ የብረት ጣዕም ያለው ነገር ቀመሰች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

*

ነገሩ የጀመረው ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟ ተመስገን እዚሁ ሐዋሳ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነው፤ ሊመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ከጥቂት ወራት በፊት ሰዎችን ስለ ድድ ሕመም የሚያስተምር የቲክቶክ ገጽ ከፍቶ ነበር። ነጭ ጋውኑን ለብሶ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። ከሚያዩት ሰዎች ግማሾቹ ዘመድ ነበሩ፤ የቀሩት ምናልባት በስህተት የገቡ።

«ሰው ንግግር አይፈልግም፣ ማየት ነው የሚፈልገው» አላት አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው። «አፍሽን ብቻ ነው የምቀርጸው። ስምሽ አይጠራ፣ ፊትሽ አይታይ። በናትሽ ሶሊ።»

የሶሊያና ድድ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ይደማል። ደም ስታይ ደግሞ ያን ቦታ መቦረሽ ትተዋለች። ስትተወው ይብስበታል። ተመስገን ወደሚማርበት ክሊኒክ መጥታ ጥርሷን እንድትታጠብ ሁለት ሦስት ጊዜ ነግሯት ነበር፤ እሷም «እሺ፣ በኋላ» እያለች ቆየች። ቪዲዮውንም ቢሆን የፈቀደችለት ማንም አያየውም ብላ ነው። ከዚያ በፊት የሠራውን ማን አየለት?

ሙሴ ቪዲዮውን ባሳየ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተመስገን ክፍል ገባች።

«አጥፋው።»

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን። ዛሬውኑ አጥፋው።»

ተመስገን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። «ሶሊ፣ ምን እንደሆነ አይተሻል? ነይማ፣ አንብቢ።» ወደ አጠገቡ ሳባት። አስተያየቶቹ ማለቂያ የላቸውም። ከሥር ከሥራቸው የሚስቁ ፊቶች አሉ፤ «እራቴን አስተፋኸኝ» የሚልም አለ። ሌሎቹ ግን ይጠይቃሉ። የኔም ይደማል፣ መጥፎ ነው እንዴ? ደም ካየሁ መቦረሽ ላቁም ወይስ ልቀጥል? ከዲላ የጻፈ አንድ ሰው ለዓመታት በጨው እየተጉመጠመጠ እንደኖረና አሁን ጥርሱ መነቅነቅ እንደጀመረ ይናገራል።

«እኛ ጋ ከሚመጡት የብዙዎቹ ድድ ታሟል» አለ ተመስገን። «ግን ጥርሱ እስኪነቀነቅ ማንም አይመጣም። ስለማያም ምንም የሌለበት ይመስለዋል። ይኸው አሁን ሰው እየሰማኝ ነው፣ ሶሊ። ለመጀመሪያ ጊዜ።»

ስለ ኢክራም ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከነገረችው ግን «አንቺስ ምን አልሻቸው?» ይላታል። ያን ጥያቄ መመለስ አልፈለገችም። አፏን መልሳ ገጠመች።

ማታ ደግሞ እናታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ ከክፍለ ከተማው ቢሮ ሥራ ውለው ሲገቡ ገና ከበሩ ተጣሩ። «ተሜ! ቢሮ ሁሉ ያንተን ቪዲዮ ነው የሚያየው! ጌታ ይባርክህ! የቤተ ክርስቲያን ኅብረት ላይ እንኳ እህቶች ‹ያንቺ ልጅ አይደል ወይ?› አሉኝ።» ጫማቸውን እያወለቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን የማን ልጅ ናት ይቺ ምስኪን? እናት የላትም እንዴ? ድዷ እንዲህ እስኪሆን ዝም ተብላ ኖረች?»

ተመስገን ውኃ ትን አለው። «ታካሚ ናት እማዬ» አለ እያሳለ። «የታካሚ ምስጢር አይወጣም።»

ሶሊያና ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ እናቷ ሊተኙ ሲሉ ጥርሳቸውን ቦርሸው ሲተፉ፣ ከዚያም መታጠቢያውን ቶሎ ብለው ሲለቀልቁ ሰማች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለቀልቁት። እሷም እንደዚያው።

*

በማግስቱ ኢክራም ስሟ ቲማቲም ሆነ።

መጀመሪያ ሙሴ ብቻ ነበር የሚጠራት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ግን የ9ኛ «ሀ» ልጆች እንኳ ለምደውታል። ጠረጴዛዋ ላይ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተቀምጦ ተገኘ። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ኮዳዋን ለአንዲት ልጅ ስታቀብል ልጅቷ «አልጠማኝም» አለች። ወዲያው ደግሞ ከሌላዋ ተቀብላ ጠጣች። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ቪዲዮው ገብቶ ከሥሩ የቲማቲም ምስል ተደርድሮበታል።

«ሼም ነው፣ ሙድ አትያዙባት» ያለች አንዲት ልጅ ነበረች። ሶሊያና አልነበረችም።

ሶሊያና ከንፈሯን ሳትከፍት ማውራት ለመደች። መምህር ሲጠይቃት ባጭሩ ትመልሳለች። ቁርስ ሰዓት ላይ ዳቦዋን በጎን ጥርሷ ታላምጣለች። አጠገቧ ኢክራም ዝም ብላ ትጽፋለች፤ ክርኖቻቸው እንደ ድሮው ይነካካሉ፣ ግን አይነጋገሩም። ረቡዕ ጠዋት ኢክራም ገብታ ቦርሳዋን ይዛ መጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ማንም ለምን አላለም። ሶሊያናም አላለችም። ከጎኗ የቀረው ባዶ ቦታ ቀኑን ሙሉ እጇን የምታሳርፍበት አሳጣት።

ዓርብ ኢክራም ከትምህርት ቤት ቀረች።

ቅዳሜ ሶሊያና ከሰፈሯ ከታቦር ባጃጅ ይዛ መሃል ከተማ ወረደች። የኢክራም እናት እዚያ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ኢክራም ብቻዋን ቆማ ጨርቅ ታጥፋለች።

«እማዬ ለሶላት ወጥታለች» አለች ቀና ሳትል። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ያንቺ አፍ መሆኑን።» ኢክራም ጨርቁን አስቀመጠች። «መጨረሻ ላይ ጣቱ ሲለቀው ከንፈርሽ ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ብልጭ ትላለች። ሌላ ሰው ላያያት ይችላል። እኔ ስንት ዓመት ነው አጠገብሽ የተቀመጥኩት? የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩሽ።»

ሶሊያና የሱቁ ግድግዳ የቀረባት መሰላት። ጨርቁ ከላይ እስከ ታች ተደራርቦ አየሩን ሁሉ የጨረሰው ይመስላል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ማን ያምነኛል? ከራሷ ላይ ልታወርድ ነው ይሉኛል። ደግሞ...» ኢክራም የታጠፈውን ጨርቅ ዘረጋችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች። «ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠበቅኩሽ። በማግስቱም ጠበቅኩሽ። ወላሂ፣ ረቡዕ ቦርሳዬን ሳነሳ እንኳ ‹ቆይ› ትለኛለች ብዬ ነበር።»

«ይቅርታ።»

«ትናንት እማዬ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነገሩን ከጎረቤት ልጅ ሰምታ። ድድሽ ደህና ነው፣ ምንም የለብሽም አሉኝ። እና ምን ላድርግ? ዶክተሩን ይዤው ክፍል ልግባ?»

«ተመስገንን እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ ያጠፋዋል።»

ኢክራም ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። «ሙሴ ስልክ ላይ አለ። ግሩፑ ላይ አለ። ከገጹ ከጠፋ ደግሞ ‹ኢክራም ለምና አስጠፋችው› ነው የሚሉት። ከዚያ በቃ፣ አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ቲማቲም ነኝ።»

አንዲት ሴትዮ ገብተው የመጋረጃ ጨርቅ ጠየቁ። «ይግቡ፣ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?» አለች ኢክራም። ድምፅዋ ደንበኛ የሚስተናገድበት ሆነ። ሶሊያና ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ወጣች።

*

እሑድ ከምሳ በኋላ ለተመስገን ነገረችው። ምንም አላስቀረችም፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለቷንም ጭምር። ተመስገን ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እየወረደ እየወረደ ሄደ። ስልኩን አነሳና ጣቱን ማጥፊያው ላይ አደረገ።

«ቀድሞም ማሰብ ነበረብኝ» አለ። «የኔ ጥፋት ነው። ይጥፋ።»

«ተወው።»

«አንቺ አይደለሽ አጥፋው ስትይ የሰነበትሽው?»

«አሁን ካጠፋኸው የኢክራም ሆኖ ይቀራል።»

ተመስገን ስልኩን አልጋው ላይ ጣለው። ብዙ ካሰበ በኋላ ወደ እሷ ዞረ። «እንዲህ እናድርግ። ነገ ጠዋት ከኔ ጋር መጥተሽ ትታጠቢያለሽ። ቀጠሮ አስይዝልሻለሁ። ጥርስሽ ላይ የጠነከረው ቆሻሻ ከተነሳና በደንብ ከቦረሽሽ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፣ ደሙም ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያን ቪዲዮና አንቺን የሚያገናኝ አይኖርም። ቢያንስ አንቺ ትተርፊያለሽ።»

«ትተርፊያለሽ» የሚለው ቃል ሶሊያናን ለአፍታ አሳረፋት። ነገ ጠዋት። ከዚያ ቢያዩዋት ምንም የለባትም። ቢጠረጥሯትም አፏን ከፍታ ማሳየት ትችላለች። ይህን እያሰበች ሳለ ነው እናታቸው በሩ ላይ ቆመው ያየቻቸው። ምን ያህል እንደሰሙ አላወቀችም።

«ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ።

ሶሊያና ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ በየቢሮው ‹እናት የላትም ወይ› ስል የከረምኩት ያንቺን ነው?» ድምፃቸው መጀመሪያ ከፍ አለ። ተመስገንን ተቆጡ፣ ሶሊያናን ተቆጡ፣ ሰው ምን ይላል አሉ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ረጋ ብለው «የኔም ይደማል» አሉ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። እናቴም እንደዚሁ ነበረች፤ ጥርሷ ሁሉ ወልቆ ነው የሞተችው። የኛ ቤት ድድ ስስ ነው፣ የዘር ነው ብዬ...»

«ዘር ብቻ አይደለም እማዬ» አለ ተመስገን። «ቢታከም ይሻለዋል። አንቺም ነይ።»

«እኔማ አርጅቻለሁ።»

«አላረጀሽም።»

ሶሊያና ሁለቱን ትታ ወደ በረንዳው ወጣች። ከታች የሰፈሩ ልጆች በላስቲክ ኳስ ይጫወታሉ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያወዛውዛል። አፏን በመስኮቱ መስታወት ከፍታ አየች። ከንፈሯን በጣቷ ዝቅ አደረገች። ቀይ ነበር። ነገ ጠዋት ይታጠባል።

*

ሰኞ ተመስገን ጋውኑን በፌስታል ይዞ በር ላይ ጠበቃት። ሶሊያና የወጣችው ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ? ቀጠሮ አለን እኮ።»

«ከሰዓት አይሆንም?»

«ከሰዓት ሰው ይበዛል። ለምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ትምህርት ቤት ልድረስ።»

ተመስገን ሊጠይቃት ብሎ ተወው። ባጃጅ አስቆመላትና ለሹፌሩ የት እንደሚያወርዳት ነገረው። «ከሰዓት እጠብቅሻለሁ» አላት።

መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመምህር ደረሰ ባዮሎጂ ነው። መምህሩ ገና አልመጡም። ኢክራም መጥታለች፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ አቀርቅራለች። ሙሴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ቲማቲም ዛሬ ተወዷል መሰለኝ፣ ድምፁም አይሰማ!» ሲል ክፍሉ ሳቀ።

ሶሊያና ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቱ ቆመች።

«የኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ቪዲዮው ላይ ያለው አፍ። ወንድሜ ነው የቀረጸኝ። ኢክራም አይደለችም።»

ሙሴ ፈገግ አለ። «አቦ፣ ጀግና ጓደኛ ነሽ! ልትሸፍኝላት ነው አይደል? ሳምንት ሙሉ አስበሽ አስበሽ...»

«ኧረ ሶሊ፣ ፎገርሽን» አለች አንዷ። ሌሎቹም ሳቁ። ሶሊያና ይህን አልጠበቀችም። ሊስቁባት፣ ሊጸየፏት ይችላሉ ብላ ነበር። አለማመናቸውን ግን ፈጽሞ አላሰበችም። ማምለጫው ክፍት ነው። ልሞክርላት ብዬ ነበር ብላ ዞራ ብትቀመጥ ማንም አይከተላትም፤ ጭራሽ ደግ ልጅ ትባላለች።

«ስልክህን አውጣ» አለችው።

«ቲቸር ሊመጣ ነው።»

«አውጣው። ክፈተው።»

ሙሴ በሩን አየት አድርጎ ስልኩን አወጣ። ሶሊያና አመልካች ጣቷን የታችኛው ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ታች ሳበችው። አየሩ ድዷን ሲነካው ቀዘቀዛት።

«አጠገቡ ያዘው» ለማለት ፈለገች፤ ከንፈሯ ስለተያዘ የወጣው ድምፅ ግን የተኮላተፈ ነበር። ማንም በዚያ አልሳቀም። ሙሴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋ። ጥርሶቹን አየ። ከዚያ ከጣቷ ጎን፣ ከከንፈሯ ሥር ያለችውን ነጥብ። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ሲደርስ አቁሞ እንደገና አያት። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ ገባኝ። ዝጊው በቃ።»

አልዘጋችውም። ሙሴ ብቻ ቢያውቅ አይበቃም። ነገ «እኔ አላየሁም» የሚል ይኖራል። እንባዋ መጥቷል፤ ከንፈሯን እንደያዘች ወደ ክፍሉ ዞረችና ከፊተኛው ረድፍ ጀመረች። ጠረጴዛ በጠረጴዛ እየቆመች አለፈች። አንዳንዱ ቶሎ አይቶ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። አንዷ ፊቷን አዞረች፤ ሶሊያና እስክትመለስ ጠበቀቻት። አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል ጎረቤቱ በክርኑ ደሰቀው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ካየች በኋላ አፏን ገጥማ ምላሷን በጥርሶቿ ላይ ስታሳልፍ ሶሊያና አስተዋለች።

መጨረሻው ረድፍ ስትደርስ መንጋጋዋ ደክሟት ነበር። ኢክራም ቀና አለች። አፏን ሳይሆን ዓይኗን ነው ያየችው።

«ዝጊው» አለች ኢክራም ቀስ ብላ። «እኔ አይቼዋለሁ።»

ሶሊያና ከንፈሯን ለቀቀች። ጣቷ ላይ ስስ የደም መስመር ነበር፤ በዩኒፎርሟ ጠረገችው። ከኮሪደሩ የመምህር ደረሰ እርምጃ ይሰማል፤ ሁሉም ወደ ቦታው ይሯሯጣል። ሶሊያና ግን ወደ መስኮቱ አልተመለሰችም።

«እዚህ ልቀመጥ?»

ኢክራም ደብተሯን ገልጣ ቀኑን መጻፍ ጀመረች። ሶሊያና ቦርሳዋን አወረደችና ቆማ ጠበቀች።